ካደግሁ በኋላ አገለግላለሁ ለምትሉ

(በአዲስ አበባ በአንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በእሑድ አምልኮ ላይ የቀረበ ንግግር)

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

ባለፉት ወራት ብዙዎቻችሁን በየቤታችሁ እየመጣሁ ጠይቄያችኋለሁ። ቡና አፍልታችሁልኛል። ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርተናል። ስለ አገልግሎት ሳነሣ ግን ከወጣቱም ከትልቁም የሰማሁት መልስ ተመሳሳይ ነው። «ፓስተር፣ እኔ እኮ ገና ነኝ። ትንሽ ልደግ፣ ልበርታ፣ ከዚያ አገለግላለሁ።»

ይህን የምትሉት ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ትሕትናም አለበት። ነገር ግን ይኸው ሐሳብ ብዙዎቻችሁን ባላችሁበት አስቀርቷችኋል። ጌታን ከተቀበለ አሥር ዓመት አልፎት ዛሬም «ገና ነኝ» የሚል ሰው በመካከላችን አለ። የደቀ መዝሙርነት ትምህርቱን ጨርሷል። ተጠምቋል። ኮንፈረንስ አያመልጠውም። ስልኩ በስብከት ቪዲዮ ተሞልቷል። የሰማውን የሚኖርበት ቦታ ግን አላገኘም። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው አድጎ ሲጨርስ አይደለም ማገልገል የሚጀምረው። እያገለገለ ነው የሚያድገው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አውጡልኝ።

በኢየሩሳሌም ያለችው ቤተ ክርስቲያን በቁጥር እየበዛች ነው። ደስ የሚል ዘመን ነው። በዚህ መሀል ጉርምርምታ ተነሣ። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ «በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተረሱ» አሉ። የትምህርት ክርክር አልነበረም። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለማን ደረሰው፣ ማን ቀረ። በዚያ ላይ የቋንቋ ነገር ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ነገር ስንቱን ማኅበር እንደበተነ እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ሐዋርያቱ ጉዳዩን አልናቁትም። «ስለ ሆድ አታጉረምርሙ፣ ጸልዩ» ብለው አላለፉትም። እነሱ ራሳቸው ቃሉን ትተው ማዕድ ቢያገለግሉ ትክክል እንደማይሆን ተናገሩ። ግን ማዕዱ ያለ አገልጋይ አልቀረም። ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። መስፈርቱንም ስሙት፦ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው። ይህ ሁሉ ለምን? ለመበለቶች ምግብ ለማደል! ዛሬ እኛ ሻይ ቤቱን ወይም የእርዳታ ኮሚቴውን ማን ይያዝ ሲባል «ሌላ ሥራ የሌለው ማን አለ?» ብለን ነው የምንጠይቀው።

የተመረጡትም በስም ተዘርዝረዋል። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ የአንጾኪያው ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ካቀረበው ወገን ሰዎች ተመርጠው የሁሉም ማዕድ በእጃቸው ተሰጠ ማለት ነው። የሌላው ወገን፣ የዕብራውያኑም መበለቶች ጭምር። እንዴት ያለ መተማመን ነው! ቀጥሎም ሉቃስ የእግዚአብሔር ቃል እንደሰፋ፣ የደቀ መዛሙርት ቁጥር እጅግ እንደበዛ ይጽፋል። የቃሉ መስፋት የተጻፈው ከእንጀራው መስተካከል ቀጥሎ ነው።

«ይህ የማኅበራዊ ሥራ እንጂ ወንጌል አይደለም» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። በሀገራችንም ክርክሩ የቆየ ነው። በ1964 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ስብከት ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱም ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትከፋፍሉብን፣ ሰው አንድ ነው አለች። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው በደርግ ተገደሉ። የተናገሩለትን ነገር በሕይወታቸው ከፍለውበታል። እኛ ደግሞ ዛሬ በተቃራኒው በኩል እንስታለን። ስብከቱን ይዘን እንጀራውን ትተናል።

አሁን ከሰባቱ አንዱን እንከተል። ፊልጶስን።

«እነሱ እኮ አስቀድሞ መንፈስ የሞላባቸው ነበሩ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የድሆችን ምግብና ገንዘብ የሚይዝ ሰው የታመነ መሆን አለበት። ትናንት ላመነ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሣጥን አንሰጥም። ነገር ግን ፊልጶስ ያን ቀን የነበረበትና ኋላ የደረሰበት ቦታ የተለያየ ነው። በመሀሉ ምን እንደሆነ እዩ።

ብዙም ሳይቆይ የሥራ ባልደረባው እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። አብረው ምግብ ያደሉ ሰዎች ናቸው። ሳውል የሚባል ጎልማሳ ልብስ እየጠበቀ ቆሞ ነበር፤ በመገደሉም ተስማምቶ ነበር። ከዚያ ሳውል በየቤቱ እየገባ ወንዶችንም ሴቶችንም እየጎተተ ወደ ወህኒ አሳልፎ ይሰጥ ጀመር። ምእመናኑ ተበተኑ። ፊልጶስም ሸሸ። የሸሸው ወዴት ነው? ወደ ሰማርያ። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር። ፊልጶስ ግን ገባ፣ ሰበከ፣ ከተማዋ በደስታ ተሞላች። ለምን ቻለ? እኔ እንደሚመስለኝ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሁለት ቋንቋ በሚናገሩ፣ እርስ በርስ በተቀያየሙ መበለቶች መካከል እየተመላለሰ የተማረው ነገር ነበር። ያኮረፈን ሰው እንዴት እንደሚቀርቡት ያውቃል። ሰማርያ ላይ የሆነው የዚያ ፍሬ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የምናውቀው ታሪክ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሥልጣን፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ጃንደረባ፣ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። በዚህ ታሪክ ስማችን ስላለበት ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ዛሬ ግን ፊልጶስን ተመልከቱ። መንፈስ ቅዱስ «ቅረብ» ሲለው ሮጠ። ሲደርስ ስብከት አልጀመረም። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬውም «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ሲጋበዝ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሰውዬው ምን እንደጎደለው ጠየቀ፣ ከዚያ ያለውን ሰጠ። ምግብ የሚያድል ሰው የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ማን ጋ ምን ጎደለ ብሎ ያያል። ከተማ ሙሉ ሕዝብ ትቶ ለአንድ መንገደኛ መሮጥም ቀላል አይደለም። ፊልጶስ ግን አንዲት መበለት እንዳትረሳ ሲል የተሾመ ሰው ነው።

አሁን ወደ ምዕራፍ 21 ግለጡ። እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ።

ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሉቃስና ጓደኞቹ ቂሣርያ ደረሱና ከሰባቱ አንዱ በሆነው በወንጌላዊው በፊልጶስ ቤት ገብተው ተቀመጡ። አያሌ ቀን ቆዩ። አራት ትንቢት የሚናገሩ ሴቶች ልጆች አሉት። ሰማርያን ያስደሰተ፣ ጃንደረባውን ያጠመቀ ሰው ነው። ሉቃስ ግን ዛሬም «ከሰባቱ አንዱ» ይለዋል። መበለቶችን ይመግብ የነበረው ያ ሰው።

እንግዳው ማን ነው? ጳውሎስ ነው። ያ ሳውል! የእስጢፋኖስን ገዳዮች ልብስ የጠበቀው። ፊልጶስን ከኢየሩሳሌም ያሳደደው። ያ ሰው አሁን በፊልጶስ ቤት ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ምን እንደተባባሉ ሉቃስ አልጻፈም። እኔም አልጨምርበትም። ቤቱ እንደተከፈተ፣ ቀናትም አብረው እንደቆዩ ግን ተጽፏል። የባልደረባህን ሞት ያጸደቀ ሰው ቤትህ ሲገባ እንጀራ ማቅረብ በአንድ ሌሊት ጸሎት የሚመጣ ጸጋ አይመስለኝም። ኢየሩሳሌም ላይ ለሚያጉረመርሙት በየዕለቱ ሲያድል የተለማመደው ነገር ነው እዚህ የደረሰው። መንፈሳዊ እድገት ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን ቤት ነው የማሳየው።

እህቶቼ፣ ሌላም ሰው አለች። ማርታ። በዚች ሴት ላይ ብዙ ግፍ የሠራን ይመስለኛል። «እንደ ማርታ አትሁኑ» እያልን ስንት ጊዜ ሰብከናል! ማርታ የተገሠጸችው ምግብ ስላዘጋጀች አይደለም። በብዙ ነገር ስለታወከችና ከኢየሱስ እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን የምትሰማውን እህቷን ማርያምን ስለከሰሰች ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ወንድሟ አልዓዛር ሞቶ፣ ኢየሱስ ሲመጣ ወጥታ የተቀበለችው እሷ ናት። «አንተ ወደ ዓለም የሚመጣው ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆንህ እኔ አምናለሁ» ያለችው እሷ ናት። ከጴጥሮስ ምስክርነት ምን ያንሳል? ቀጥሎ በምዕራፍ 12 ቢታንያ ውስጥ እራት ተዘጋጀ። «ማርታም ታገለግል ነበር» ይላል። ዛሬም ወጥ ቤት ናት። ማርያም ዛሬም ከእግሩ ሥር ናት። የማርታ ክስ ግን የለም። ሥራው ያው ነው፣ ሴትየዋ ግን አድጋለች። ጌታ ሥራዋን አላስጣላትም። ከሥራዋ ጋር አሳደጋት።

እንግዲህ አገልግሎት ሰውን የሚያሳድገው እንዴት ነው? በምሥጢር አይደለም። በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

ከሕፃናት ክፍል እንጀምር። አንድ ወጣት ስድስት ዓመት ለሞላቸው ልጆች እንዲያስተምር ሲመደብ ቅዳሜ ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚከፍተው በሌላ መንገድ ነው። ልጆች አይምሩም። «እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» ይላሉ። «አያቴ ለምን ሞተች? ጸልየን አልነበር?» ይላሉ። ከመድረክ ሲሰማ «አሜን» ብሎ ያለፈውን ነገር አሁን ራሱ መመለስ አለበት። ያኔ ይጠይቃል፣ ያነባል፣ ወደ ሽማግሌዎች ይመጣል። እንጀራ መጋገር ቆሞ በማየት አይለመድም፤ ምጣዱ ላይ የተለጠፈውን እየላጡ ነው። እምነትም ለሌላ ሰው ለማስረዳት ሲሞከር ነው የራስ የሚሆነው።

ጸሎትም እንዲሁ። ብዙዎቻችሁ «ስጸልይ ቃል ያጥረኛል» ትሉኛላችሁ። የታመመ ሰው ስም የያዘ ሰው ቃል አያጥረውም። ሐሙስ ቀን ሆስፒታል ገብታችሁ አንዲት እናት እጃችሁን ይዛ «አደራ» ካለቻችሁ ዓርብ ማለዳ ስሟን ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ለራሳችን ብቻ ስንጸልይ ነው ጸሎት የሚደርቀው።

ይቅርታም የሚለመደው አብሮ በመሥራት ነው። ቤቱ ተቀምጦ «እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም» የሚል ሰው ራሱን ገና ላያውቅ ይችላል። ከመዘምራን ጋር ለፋሲካ ይለማመድ። የሠርግ ኮሚቴ ውስጥ ይግባ። አርፋጁን፣ ተናጋሪውን፣ ሥራ ጀምሮ የሚጠፋውን ያገኛል። ትዕግሥት የመንፈስ ፍሬ ነው፤ ትዕግሥት የሚፈትን ሰው በሌለበት ግን አይታይም። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ምክንያት ነው ከአገልግሎት የወጣችሁት። «ሰዎቹ አስቸጋሪ ናቸው» ብላችሁ። ናቸው። ግን ከእነሱ ጋር ነው ጌታ ሊሠራችሁ የፈለገው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይላል። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ የውጭ ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ ትተው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። አርባ ስምንት ሰው ብቻ! በቋንቋቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበራቸውም። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። በእኛ ሚዛን ቢመዘኑ «ገና» ነበሩ። ከዚያ ስደት መጣ። መሪዎቻቸው ታሰሩ። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ ሰዎች ተገረፉ። አማኞቹ ግን ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ተሸክመው ይመላለሱ ነበር። ጠያቂ ለሌላቸውም እስረኞች ከዚያው ይደርሳቸው ነበር። የማያምኑት «እነዚህ ሰዎች እንዴት እንዲህ ይዋደዳሉ?» አሉ። ጣሊያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ቆዩአቸው። ስብከት ነበር፣ በየቀዬው ሄደው መስክረዋል። ነገር ግን እስር ቤት በር ላይ ያ ሞሶብ ባይደርስ ኖሮ የሚሰማቸው ምን ያህል ሰው ነበር? እኔ ይህን ደጋግሜ አስባለሁ።

ሁለተኛውን ታሪክ ከእናንተ መካከል የኖራችሁበት አላችሁ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ተዘጋች። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ያኔ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። መድረክ የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። እናቶች ቤታቸውን ከፈቱ፣ አስተማሩ፣ ጸለዩ። ከዚያ በፊት ቆመው የማያውቁ ሰዎች እረኛ ሆኑ፤ ሌላ እረኛ አልነበረማ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት አባላቱ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች አድገው እስኪጨርሱ ቢጠብቁ ኖሮ ማን ይቀር ነበር?

ዛሬም በቤሩትና በዱባይ በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን በእረፍት ቀናቸው ተሰባስበው ያመልካሉ። አንዷ ስትታመም የምትጠይቃት፣ ደሞዟ ስትከለከል ካላት ላይ የምታካፍላት፣ ስትሞት አስከሬኗ ሀገሯ እንዲገባ ገንዘብ የምታሰባስበው እዚያው ያለች እህቷ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ያገለገለች ሴት በዕረፍቷ ቀን እንደገና ታገለግላለች። ከእኛ አጥቢያ የሄዱም አሉ። እዚህ ሳሉ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። እዚያ መሪ ሆነዋል።

እኛስ? እኛ ዛሬ በሩ ተከፍቶልናል። አዳራሹም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ስክሪኑም አለን። ዓይናችን ግን መድረኩ ላይ ቀርቷል። ወጣቶቻችን አገልግሎት ሲባል ማይክ ያስባሉ። ማይክ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የቀረው ተመልካች ይሆናል። ከአንዱ ኮንፈረንስ ወደ ሌላው የሚሮጡ፣ «ዛሬ ምን ተቀበልክ?» የሚባባሉ ልጆች አሉን። እወዳቸዋለሁ። ጥማቸው እውነተኛ ነው። ግን ተቀብለው ተቀብለው የት ያድርጉት? ጴጥሮስ እያንዳንዳችሁ ጸጋን እንደተቀበላችሁ መጠን በዚያው እርስ በርሳችሁ አገልግሉ ይላል። እያንዳንዳችሁ።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ ተቃራኒውን ልናገር። በዚህ ቤት ሁሉን ነገር የሚሠሩት ያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። አስተናጋጁም፣ መዘምሩም፣ የእርዳታ ኮሚቴውም፣ ወንበር ደርዳሪውም እነሱ ናቸው። ፕሮግራም በመጣ ቁጥር ወጥ ቤት የምትገቡ እናቶች፣ ስብከት ተቀምጣችሁ ከሰማችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? እናንተን «ጨምሩ» አልልም። እናንተ ዕረፉ። ከባለቤቱ ጋር እራት ሳይበላ ወራት የሚያልፈው ወንድምም ይስማኝ። ቤቱን ጥሎ የሚደረግ አገልግሎት ቤተ ክርስቲያንን አይሠራም። ጌታ ራሱ ሕዝቡን ትቶ ለብቻው ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ጸሎት የቀረበት አገልግሎት ማርታን እንዳደረጋት መጀመሪያ ያውካል፣ ቀጥሎ ሌላውን ያስከስሳል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወጥ ቤቱ በየቤት ኅብረቱ ተራ ይገባል። ወንዶችም ተራ አለን። ሽማግሌዎችም አለንበት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሦስት ቦታ ሰው እንፈልጋለን።

ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ አባሎቻችን ብዙ ናቸው። ቦሌ አራብሳ የደረሰ አለ። ኮዬ ፈጬ የደረሰ አለ። ወጣቶቹ ታክሲ ተሰልፈው ይመጣሉ። እማማዎቹ ግን ቀርተዋል። እድራቸው ፈረሰ፣ ቡና የሚጠራሩበት ጎረቤት ተበተነ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን የጸለዩ እናቶች ናቸው። የኢየሩሳሌም መበለቶች ተረሱ ሲባል ሐዋርያቱ ስብሰባ ጠሩ። የእኛም ተረስተዋል። የሚያጉረመርምላቸው ሰው ስለሌለ እኔ ዛሬ አጉረመርማለሁ። በየአካባቢው የቤት ኅብረት የሚከፍት፣ ቅዱስ ቁርባን ሲኖር መኪናውን ይዞ ሄዶ የሚያመጣቸው ሰው እንፈልጋለን። መኪና የሌለው ስልክ ይደውል። በሳምንት አንዴ «እማማ እንዴት አደሩ?» ማለት ክህነት አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጥቁር አንበሳ ነው። ለብዙ ዓመታት በሀገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበር። ዛሬም ከክፍለ ሀገር ብዙ ሕመምተኞች ይመጣሉ። ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም። ወረፋ አለ፣ ቀጠሮ አለ። አስታማሚው አዲስ አበባን አያውቅም። ቋንቋው የማይገጥምለትም አለ። የት ይደር? ምን ይብላ? ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ የምትችሉ ልጆች በዚህ አዳራሽ ሞልታችኋል። ክፍል ማሳየት፣ ፎርም ማስሞላት፣ መድኃኒት የሚገዛበትን መጠቆም ትችላላችሁ። ፊልጶስ አጠገቡ ተቀምጦ የረዳው ሰው ሩቅ አገር መንገደኛ ነበር። ትርፍ ክፍል ያላችሁም አስቡበት። አልጫናችሁም። ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩና ኑ። ሆስፒታል ስትሄዱ ግን አንድ ነገር አደራ፦ በታመመ ሰው አልጋ ዙሪያ ጮኻችሁ አትጸልዩ፣ መድኃኒትህን ተው አትበሉ፣ ካልጠየቃችሁ አትስበኩ። እጁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ሲጠይቃችሁ መልሱ።

ሦስተኛው የሕፃናት ክፍል ነው። አሁን ባለን መምህር ቁጥር የአራት ዓመቱና የአሥር ዓመቱ ልጅ አንድ ክፍል ተቀምጠዋል። ይህ ለሁለቱም አይሆንም። የምትመዘገቡ ሁሉ ሥልጠና ትወስዳላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር አይሆንም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ ነው። ይህ ደንብ ለእኔም ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ልጅ አሳድጋችሁ የጨረሳችሁ እናቶችና አባቶች፣ እናንተን ነው የምጠራው። «አላውቅም» ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ከልጆቹ ጋር ትማራላችሁ።

የመዝገቡ ነገር እንዲህ ነው። ጸሎት እንዳበቃ ዲያቆናቱ በዋናው በር በኩል ሦስት ጠረጴዛ ያወጣሉ። ስልካችሁን፣ የምትኖሩበትን ሰፈር፣ የምትናገሩትን ቋንቋና በሳምንት ምን ያህል ሰዓት እንደምትችሉ ጻፉ። የማትችሉትን አትጻፉ። አንድ ሰዓት ብሎ የሚገኝ ሰው አሥር ሰዓት ብሎ ከሚቀር ይሻለኛል። ጥቁር አንበሳ የምትሄዱ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት እዚህ ግቢ ተገናኙ። አርፍዳችሁ አትምጡ፤ የጠያቂ ሰዓት ያልፍብናል። የኮንዶሚኒየሞቹን ዝርዝር የያዘችው እህት ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ የእናቶቹን ስምና የብሎክ ቁጥር ከእሷ ተቀበሉ። ለነሱ ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ ደውሉላቸው።

እንነሣና እንጸልይ።